ስድስተኛው ዘፈን አይወርድም

ሆሳዕና፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ የአጎት ልጅ፣ ለእኔ ግን አባቴ ካረፈ ወዲህ እንደ አባት ለሆኑት ለጋሽ ሕዝቅኤል፣ ደርባን፣ ደቡብ አፍሪካ።

የጌታ ሰላም በእርስዎ፣ በቤትዎና በሱቅዎ ላይ ይብዛ። እኛ ከእናቴ የደም ግፊት በቀር ደህና ነን፤ እሱም መድኃኒቷን ሳትረሳ ከዋለች ደህና ነው። ዝናቡ ዘንድሮ አልወጣ ብሎ እስካሁን ጭቃ እየረገጥን ነው።

ደብዳቤ የምጽፍልዎ ስልክ ጠልቼ አይደለም። በስልክ ሲሆን እናቴ አጠገቤ ሆና ትሰማለች፣ እርስዎም ዘንድ ደንበኛ ይገባል ይወጣል፣ ተጀምሮ የሚያልቅ ወሬ የለንም። ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ ነገር ሁሉ በጽሑፍ ካልሆነ አይቀበሉም ነበር ስትል እናቴ ነግራኛለች።

ነገሩ ይኸውልዎ፤ አልበም አወጣሁ። ብቻዬን። «የመናኸሪያ ልጆች» የሚባለውን ቡድናችንን ትቼ ነው። ሦስት ሆነን ራፕ ስንሠራ ሁለቱ ወንዶች ስለማይነዱት መኪና ይለፈልፋሉ፣ እኔ መሀል ላይ አራት መስመር ተወርውሮልኝ «አዎ፣ አዎ» እላለሁ። ታከተኝ። ፈትሁዲንን ያስታውሱት ይሆናል፣ አባቱ መናኸሪያው ፊት ለፊት ፍራሽ የሚሸጡት። ሙዚቃውን የሠራልኝ እሱ ነው። የሱቁ ጓዳ ውስጥ በአራቱም በኩል ፍራሽ አቁመን ቀዳን፤ ድምፅ እንዳያስተጋባ ከፍራሽ የተሻለ የለም። ችግሩ፣ ገዢ ሲመጣ አንዱ ግድግዳችን ተሽጦ ይሄዳል። ሁለተኛው ዘፈን መሀል ላይ ድምፄ ድንገት ቢቀየርብዎ ሬዲዮዎ አልተበላሸም፣ ፍራሽ ተሽጦብን ነው።

አልበሙ «የአስናቀች ልጅ» ይባላል። እናቴ ቡላ ተሸክማ ሞርሲቶ ገበያ የምትመላለስበትን መንገድ ዘፍኛለሁ። የአባቴን ሞት ዘፍኛለሁ። ወንዶቹ ሁሉ ወደ እናንተ አገር ሲሄዱ ባዶውን የቀረውን የመዘምራን ወንበር ዘፍኛለሁ። ስድስተኛው «አነሳለሁ» ይባላል፣ እሱ ለወንድሜ ለጠና ነው። ወደ እናንተ ሲመጣ ከማላዊ ደውሎ «ትንሽ ነው የቀረኝ» ካለን ጀምሮ የኔ ስልክ ምን ሆኖ እንደ ኖረ ነው የሚናገረው። ስለ እሱ የምለውን እዚያ ላይ ብያለሁ፣ እዚህ አልደግመውም።

ደብዳቤ በደረሰዎ ቁጥር «ዛሬ ደግሞ ስንት ተጠየቅሁ» እንደሚሉ ሰምቻለሁ፤ አይስጉ፣ አልጠይቅም። ፍላሹን ከደብዳቤው ጋር ልኬያለሁ። ሰምተው የመሰለዎትን ይጻፉልኝ። ካልወደዱትም አይሸሽጉኝ።

በወጡ በገቡበት ጌታ ይከተልዎ።

ልጅዎ ሐዳሳ

—

ደርባን፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐዳሳ፤ ለአንቺም ለእናትሽ ለአስናቀችም በጌታችን ስም ሰላምታዬ ይድረስ። እኛ ሌባው ቢበዛብንም እግዚአብሔር ጠብቆን በጤና አለን።

ፍላሹ ደርሶኛል። እኔ የዘፈን ሰው አይደለሁም፣ ያንቺም አፍ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ስለሚሮጥ ደጋግሜ ነው የሰማሁሽ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ የእናትሽን መንገድ ስትዘፍኚው አልቅሻለሁ። የመዘምራን ወንበር ያልሽውም ልክ ነው። ወፍራም ድምፅ ያላቸው ወንዶች ሁሉ እዚህ ናቸው፣ ስኳርና ሲም ካርድ እየሸጡ። በዚህ አልቆጣሽም፤ ዘፈን ነው ብለው የሚቆጡሽ ካሉ እኔ አላበረታታቸውም።

ስድስተኛውን ግን አውርጂው። ምክንያቱን እንድዘረዝርልሽ አትጠብቂ። አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እናትሽም ታውቀዋለች፣ ሆሳዕናም ያውቀዋል። በእንዲህ ያለ ነገር ዘፈን አይሠራም። ሰው ሰምቶ ምን ይላል አላልሽም? ብዕሬ ከዚህ በላይ እንዲሄድ አልፈልግም።

ለእናትሽ የግፊቱን መድኃኒት በአምጪው እጅ ልኬያለሁ። ለሚቀጥለው ሥራሽም አቅሜ የፈቀደውን አግዝሻለሁ፣ ያ ዘፈን ከወረደ።

እግዚአብሔር ማስተዋል ይጨምርልሽ።

አጎትሽ ሕዝቅኤል

—

ሆሳዕና፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ የጌታ ጸጋ አይለይዎ። መድኃኒቱ ደርሶ እናቴ መርቃዎታለች፤ ምርቃቱን ሙሉውን ልጻፍ ብል ወረቀቱ አይበቃኝም። «ከወረደ» የሚለውንም አይቼዋለሁ። ለሚቀጥለው ሥራ እንግዲህ እርዳታዎ ይቅርብኝ። አይወርድም።

ስድቡ ከእርስዎ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አዲስ አበባ ገብረክርስቶስ የሚባል፣ በዩቲዩብ አልበም የሚተች ሰው አለ። ራፐሮቹ እሱን ሲሰሙ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ እሱ ያነሣው ይነሣል፣ የጣለው ተጥሎ ይቀራል። የእኔን አልበም ረጅም ሰዓት ወስዶ ፈተፈተው። አማርኛዋ የገጠር ነው አለ። ሆሳዕና ገጠር መሆኗን ከሱ ሰማሁ። የቤት ቋንቋዬ ሀዲይኛ ነው፣ አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤትና መናኸሪያ ነው፣ እንደተማርኩትም ነው የምናገረው፤ ይሄ ነውር ከሆነ ይሁን። ድምፁ ብርድ ልብስ ውስጥ የተቀዳ ይመስላል አለ፤ በዚህስ ብዙም አልተሳሳተም፣ ፈትሁዲን እስኪያመው ሳቀ።

ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ፊቱን አጨማደደና እንዲህ አለ፦ «ይህች ልጅ ትወስን። ወንድሟ ሞቶ ከሆነ ታልቅስ፣ ረስቷት ከሆነ ትቆጣ። ስልክ አቅፎ መቀመጥ ሙዚቃ አይደለም። ይህ ዘፈን አልበሙን ገድሎታል።» ከዚያ ኮሜንቱ ጎረፈ። አንዱ ካርድ ልሙላልሽ ይለኛል፣ ሌላው ወንድምሽ ሚስት አግብቶ ነው ይለኛል።

መወሰን ይላል እንዴ? እኔ ነኝ የምወስነው? እኔ የማውቀውን ነው የዘፈንኩት። የማውቀውም ይሄንን ብቻ ነው፦

ቁጥሬን አልቀየርኩም፣ ሲሙም ያው ነው፣
ሒሳብ ባይኖርህም ሚስኮል በቂ ነው፣
ገበያ ብሆንም፣ ሰው መሀል ብሆን፣
አነሳለሁ ጠና፣ ብቻ ድምፅህ ይሁን።

ይሄ ነው ሰው ምን ይላል የሚያሰኘው? ምን አጠፋሁ?

አቶ ዕንባቆምም፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ እየተመላለሱ ናቸው። ራፕ ኃጢአት ነው ብለው ቢቆጡኝ ይገባኛል፣ ለዚያ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ስለ ኃጢአት አንድም አላሉ። ልክ እንደ እርስዎ ስድስተኛውን ብቻ አውርጂ ይላሉ። ምክንያቱን ብጠይቃቸው ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ወጡ። ሐያሲው፣ ሽማግሌው፣ አጎቴ፣ ሁላችሁም በአንድ ዘፈን ላይ ዘመታችሁ። እልኸኛ ናት ይሉኝ ከሆነ ገና አላዩኝም። መናኸሪያ ያሉትን የመኪና ረዳቶች አሳምኛለሁ፤ ዱራሜ የሚሄዱት መኪኖች ሁሉ እሱኑ እየከፈቱ ነው የሚሄዱት።

እናቴ ግን አልሰማችውም። እንደሚያውቋት ዘፈን የሚባል ነገር በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም፣ የልጇንም ቢሆን።

እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎ፣ ልብዎንም ያራራልኝ።

ሐዳሳ

—

ደርባን፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሐዳሳ። ሰላም ለቤትሽ ይሁን።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። ንዴቴ ይብረድልኝ ብዬ ነው ያዘገየሁት፤ አልበረደም። በመጀመሪያው ደብዳቤ በጨዋ ደንብ ነካ አድርጌ ያለፍኩት አልገባኝም ካልሽ እንግዲህ በግልጽ ልበልሽ።

ድንኳን ጥላችሁ የተቀመጣችሁለትን ልጅ፣ ዕድርተኛ መጥቶ ያስተዛዘናችሁን ወንድምሽን «ደውልልኝ» ብለሽ ትዘፍኛለሽ? አምስት ዓመት ሙሉ አፈር ውስጥ ያለ ልጅ ስልክ የሚደውል ይመስል? ሰው እንዲያዝንልሽና ዘፈንሽን እንዲገዛሽ ሙቱን በሕይወት ያለ አስመሰልሽ። እኔ በወጣትነቴ ብዙ ጥፋት አይቻለሁ፣ በወንድሙ ሞት የሚነግድ ግን አላየሁም። ሰውዬው ትወስን ያለው እውነቱን ነው። ከሞተ አልቅሺለት፤ ቀልድ አታድርጊው።

እናትሽስ እንዴት ቻለች? እሷ ባትሰማው ጎረቤት እየሰማ አይደለም ወይ? ያቺ ምስኪን ሐዘኗን በስንት መከራ ተወጥታ ሳለ አንቺ በየመኪናው ታስጮኺባታለሽ።

ዘፈኑ እስኪወርድ ድረስ ደብዳቤ አትጻፊልኝ።

ሕዝቅኤል

—

ሆሳዕና፣ ሰኔ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ሰላምታ ስላላስቀደምኩ ይቅር ይበሉኝ። ይህን ፎቶ አንሥቼ በቴሌግራም የምልከው መንገደኛ እስኪገኝ መጠበቅ ስላልቻልኩ ነው።

የምን ድንኳን? ማነው የሞተው? በኛ ቤት ድንኳን የተጣለው ለአባቴ ነው፣ እሱም ጠና ሳይሄድ። ለጠና ማንም ልቅሶ አልተቀመጠም። ማንም መጥቶ ምንም አልነገረንም። እናቴ እስከ ዛሬ ለበዓል ልብሱን አጥባ ታሰጣለች።

አሁን ገበያ ናት፣ ሳትመለስ ይጻፉልኝ። አይደውሉ፣ በጆሮዬ ልሰማው አልችልም። ይጻፉልኝ።

ሐዳሳ

—

ደርባን፣ በዚያው ዕለት

ልጄ፣ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ደንበኞቼን አስወጥቼ ሱቁን ዘግቼ ነው የምጽፍልሽ።

ጠና ሞዛምቢክ ገብቶ በወባ ሞተ። 2012 ክረምት ላይ ነው። አብረውት የነበሩት ልጆች ቀበሩት፤ ከነሱ አንዱ እዚህ እንደደረሰ መጥቶ ነገረኝ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ እናት በስልክ አትረዳም ብዬ ለአቶ ዕንባቆም ደወልኩ። ሽማግሌ ይዘው፣ ጎረቤት አዘጋጅተው፣ ጎህ ሲቀድ ገብተው እንዲያረዱልኝ አደራ አልኳቸው። ጥቂት ቆይተው «ተነግሯቸዋል፣ ልቅሶውም አልፏል። አስናቀች ግፊት አለባት፣ ስሙን በስልክ እንዳታነሣባት» አሉኝ። እኔም አላነሣሁም። እናትሽ ስልክ ላይ «ልጄን» ብላ ስታለቅስ ሐዘኗ የተቀሰቀሰባት መስሎኝ አይዞሽ እላት ነበር። ልጄን አፈላልግልኝ ማለቷ እንደ ነበር ዛሬ ገባኝ። አቶ ዕንባቆምን አሁን ፊቴ ባገኛቸው ሽማግሌ ናቸው ብዬ የምተዋቸው አይመስለኝም።

የጻፍኩልሽን ሁሉ ቅደጂው። አንቺ በወንድምሽ አልነገድሽም፣ እኔ ነኝ በአንቺ ላይ ክፉ የተናገርኩት።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። አሁን እውነቱ ታውቋል። ለሞተ ሰው ደውል አይባልም። እናትሽ ከመርዶው በኋላ ያንን ብትሰማ ልቧ ይቆማል። አውርጂው፣ ወይም ቃሉን ለውጠሽ የልቅሶ አድርጊው። ወጪውን እኔ እችላለሁ።

ጌታ ኃይሉን ያልብስሽ።

አጎትሽ ሕዝቅኤል

—

ሆሳዕና፣ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ሕዝቅኤል፤ እኛን ያጽናና ጌታ እርስዎንም ያጽናናዎ። እናቴ በሕይወት አለች። መጀመሪያ ይሄን ልበልዎ፣ እንደሚጨነቁ ስለማውቅ።

ያን ዕለት ፊቴን ታጥቤ በቀጥታ አቶ ዕንባቆም ቤት ሄድኩ። ደብዳቤዎን አሳየኋቸው። አልካዱም። ሽማግሌ ይዘው እስከ አጥራችን ድረስ መጥተው ነበር አሉ። እናቴ ያን ሰሞን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ገና ከሆስፒታል መውጣቷ ነበርና በእጃችን ትሞታለች ብለው ከደጅ ተመለሱ። ስትድን እንነግራታለን ተባለ። ስትድን ደግሞ «እስካሁን የት ነበራችሁ» የምትለውን ፈሩ። ለእርስዎም ተነገረ ብለው ተገላገሉ። ወሬው ግን ሰፈሩን አዳርሶ ኖሯል፤ መርዶ ያልገባበት ቤት አፉን የሚከፍት የለም፣ ሁሉም ሽማግሌዎቹን ሲጠብቅ ዝም አለ። ዳቦ የምገዛበት ሰውዬ እንኳ ያውቅ ነበር፣ እኔ ብቻ ነኝ ስልኬን ቻርጅ አድርጌ የማድረው።

አቶ ዕንባቆም ጊዜ ስጪን አሉኝ። ክረምቱ ይውጣ፣ እስከዚያ ዘፈኑን አውርጂ፣ ከሰው አፍ እንዳትሰማው አሉ። ነገ ጎህ ሲቀድ ነው አልኳቸው። እኔም አብሬ እገባለሁ አልኳቸው።

«አንቺ መርዶ የሚነገርሽ ነሽ እንጂ ነጋሪ አይደለሽም» አሉኝ።

«ለእኔ ማን ነገረኝ?» አልኳቸው። ጋቢያቸውን አንሥተው ሽማግሌዎቹን ሊጠሩ ወጡ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ከቤት ሾልኬ ወጥቼ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተመልሼ ገባሁ። እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን ተደርጎ አያውቅም፤ ሐዘንተኛ ከመርዶ ነጋሪዎች ጋር አይቆምም። እናቴ ፊቷን ልትታጠብ በሩ ላይ ነበረች። እኔን መሀላቸው ስታይ ማንም አፉን ሳይከፍት ገባት። የጮኸችውን ጩኸት አልጽፍልዎም። እኔም ከሷ ጋር ጮህኩ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላለቀስኩም ነበር፣ ከዚያ ግን ማንም ሊያቆመኝ አልቻለም። ጎረቤት ሁሉ ተዘጋጅቶ ውጭ ቆሞ ነበርና ወዲያው ግቢው ሞላ። ወንድሜ አምስት ዓመት ቆይቶ ተለቀሰለት።

አሁን ስለ ዘፈኑ። በሦስተኛው ቀን ፈትሁዲን ድንኳኑ ጥግ ጠርቶኝ ስልኩን አሳየኝ። ነገሩ አዲስ አበባ ደርሶ ገብረክርስቶስ ስለ እኔ እንደገና ተናግሯል። ስድስተኛው ዘፈን በዚህ ዘመን ከተሠሩት ሁሉ ይበልጣል አለ። ተሳስቼ ነበር አላለም፤ «አሁን ትርጉም አገኘ» ነው ያለው። ጋሼ፣ ከዘፈኑ አንድ ቃል አልተነካም። ወንድሜን ስፈልገው ደካማ ነበርኩ፣ መሞቱ ሲሰማ ጎበዝ ሆንኩ ማለት ነው? የሱን ስድብ እንዳልተቀበልኩ ሙገሳውንም አልቀበልም፤ በአድራሻው ጽፌ ይሄንኑ ነግሬዋለሁ። አንድ አሳታሚም ድንኳኑ ውስጥ ያለውን ለቅሶ ቀድተሽ ጨምሪበትና በአዲስ መልክ እናውጣው ብሎ ደውሏል። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

እርስዎም «ቃሉን ለውጪ» ብለዋል። በፍቅር እንዳሉት አውቃለሁ። በአራተኛው ቀን ሽማግሌዎቹም የቤተ ክርስቲያን እናቶችም ተሰብስበው ያንኑ አነሡ። አሁንማ ልጁ ሞቷል፣ ሙትን መጥራት ለአማኝ አይገባም፣ ሐዘንተኛዋም አይታዘንላትም ወይ፣ ዛሬውኑ ይውረድ አሉ። እኔ ለጠብ ተነሣሁ። እናቴ መሬት በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ሆና እጄን ያዘችኝ። ክፈችው፣ እኔም ልስማው አለችኝ።

ልቧ ይቆማል ያሉት ትዝ አለኝ። ከፈትኩት። እናቴ ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ሰማችው፣ እንባዋ ብቻ ይወርዳል። አቶ ዕንባቆም ወንበራቸው ላይ አቀርቅረው ነበር። ዘፈኑ ሲያልቅ እናቴ ቀና ብላ ለሁሉም እንዲህ አለች፦

«አምስት ዓመት ሙሉ መሞቱን እያወቃችሁ በደጄ አለፋችሁ። ፊቴ ቆሞ ስሙን የጠራልኝ አንድ ሰው ነበር? እሷ ብቻ ጠራችው። ከእንግዲህ ሁላችሁም ሞተ ትሉታላችሁ፣ እኔም እላለሁ። አንድ ቦታ እንኳ በሕይወት እንዳለ ሰው ይጠራልኝ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ድገሚው» አለችኝ። «ከፍ አድርገሽ። ከአጥሩ ውጭ ያሉትም ይስሙት።»

ሐዳሳ፣ የአስናቀች ልጅ